የታመመ አካልም ይማራል

(በሉማሜ ለማታ ትምህርት ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሰሞን አንድ አባት "ልጆቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የምትማሩት ምንድን ነው?" ሲሉ ጠይቀውን ነበር። ከእኛ ከዘማቾቹ ከፊሎቻችን ሳይኮሎጂ፣ ከፊሎቻችን ፊዚዮቴራፒ እንደምንማር ነገርናቸው። ፊዚዮቴራፒ ምን እንደሆነ ስናስረዳ ሳቅ ሆነ። "ማሸት ለመማር ይህን ያህል ዓመት?" ያሉም ነበሩ። ነገሩ ማሸት ብቻ አይደለምና ዛሬ ስለዚሁ እንነጋገር።

ሳይኮሎጂ የሰው ሐሳብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚጠናበት ትምህርት ነው። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ የደከመ ወይም የተጎዳ አካል በእንቅስቃሴ ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚደረግበት ሕክምና ነው። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሥጋ ደዌ የጎዳቸውን እጆችና እግሮች በዚህ መንገድ ሲረዳ ኖሯል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ትምህርቱን በዲግሪ መስጠት ጀመረ።

መጀመሪያ የምንማረው አጥንትን፣ ጡንቻንና ጅማትን ነው። እሱ በመጽሐፍ ያልቃል። ከዚያ ወደ ሆስፒታል እንወርዳለን፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

ግማሽ ጎኑ የማይታዘዘው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ። ማታ ደኅና የነበረ ሰው ጧት እጁም እግሩም እንቢ ይለዋል፣ አፉም ይጣመማል። ይህ በሽታ ስትሮክ ይባላል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ፣ ወይም የደም ሥር አንጎል ውስጥ ሲፈነዳ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መንስዔው የደም ግፊት ነው። የቀኝ እጅ ቢደክም የተጎዳው የግራው አንጎል ነው። እጁ አልሞተም፤ የሚያዘው ነው የተጎዳው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? እናንተ ፊደል ስትጀምሩ የነበረውን አስቡት። ዕርፍ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ስንት ቀን ተንቀጠቀጠ! በመደጋገም ግን "ሀ" እየቀና ሄደ። አንጎል የሚማረው በመደጋገም ስለሆነ የታማሚውም እጅ እንደዚሁ ነው። ጽዋ ማንሳት፣ ማስቀመጥ፣ እንደገና ማንሳት። መቀመጥ፣ መነሣት። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት። ሁሉም እንደ ቀድሞው ይሆናል አንልም፤ ግን ብዙዎች ተነሥተው ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ ሳይኮሎጂው ይገባል። ቤተሰብ ከፍቅር የተነሣ ታማሚውን ያጎርሰዋል፣ ያለብሰዋል፣ "አንተ አትልፋ" ይለዋል። እሱም በደኅናው እጁ ብቻ መሥራት ይለምዳል፤ ያኛው እጅ ጭራሽ ይረሳል። የሚችለውን ያህል ራሱ እንዲጎርስ፣ ራሱ እንዲለብስ መተው ይሻላል። ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሐዘን ይገባዋል፤ እህል ይጠላል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ "ሸክም ሆንኩባችሁ" ይላል። ስንፍና አይደለም። ይህም ሕመም ነው፤ ለጤና ባለሙያ መነገር አለበት።

ስለ ወጌሻም እናንሣ። ወጌሻ የማይከበርበት አገር የለም፤ እኛም አንንቀውም፤ የወለቀ ክንድ መልሶ ያስገባ ስንት አለ! ችግሩ አጥንት ተሰብሮ በቀርከሃና በጨርቅ ሲጠበቅ ነው። የተሰበረ ቦታ ያብጣል። እስሩ ግን አብሮ አይሰፋም፤ ስለዚህ ደሙን ያቋርጣል። ደም ያልደረሰው ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። እጅና እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሱ አሉ፤ ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። ልጅ ሲያለቅስ "ስብራት ነው፣ ያማል" ይባላል፤ ነገሩ ሌላ ነው።

ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ሲነኩ ካልተሰማቸው፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስሩን ያኔውኑ ፍቱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

የቀረን የሕፃናት ነገር ነው። እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚወለድ ልጅ አለ፤ ቆልማማ እግር ይባላል። ከሺህ ልጆች አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ግርዶሽ መታው፣ እርግማን ነው ይባላል። እናቲቱም አፍራ ልጁን ጓዳ ታሳድገዋለች። የእናትም የአባትም ጥፋት አይደለም።

አሜሪካን አገር ይሠራ የነበረ ፖንሴቲ የሚባል ሐኪም ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና የሚያቃና ዘዴ አገኘ። እግሩ በእጅ ቀስ ተደርጎ ይቃናል፤ በጀሶም ይታሰራል። በየሳምንቱ ጀሶው እየተቀየረ አምስት ስድስት ጊዜ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሹ ይነካል። ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ ሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ በኋላ አራት ዓመት እስኪሞላው በእንቅልፍ ሰዓት ያደርገዋል። እግሩ ቀና ብሎ ጫማው ቶሎ ቢተው ተመልሶ ይጣመማል። ይህ ሕክምና በአገራችንም ይሰጣል።

አንዲት እናት "ልጁ አድጎ ከሆነስ?" ብላ ጠየቀችን። በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ሥራው ይቀላል፤ ያደገም ልጅ ግን ይታከማል፤ ጊዜው ይረዝማል፣ አንዳንዴም ቀዶ ጥገና ይጨመርበታል። በየጓዳው እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ ወዴት እንደሚላክ እነሱ ይጽፉለታል። ወረቀቱንም አሁን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።