ያጨበጨቡላትን የገሠጸች



እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944፣ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ። ትርኢቱ አልቋል፤ ጭብጨባው ግን አላባራም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ተወዛዋዥ ካትሪን ደንሃም እጅ ነሥታ ወደ መጋረጃው ጀርባ አልገባችም። አዳራሹ ጥቁርና ነጭ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ወደ ተመልካቹ ዞራ፣ ጥቁሮች ከነጮች ጎን ለጎን እስካልተቀመጡ ድረስ እዚህ ተመልሼ አልመጣም አለች።

ልብ በሉ፣ የተናገረችው ለሚያጨበጭቡላት ሰዎች ነው። እንጀራዋ በእነሱ ትኬት ላይ ነበር። የሚጠላንን መቃወም አንድ ነገር ነው፤ የሚያደንቀንን ፊት ለፊት መውቀስ ግን እጅግ ይከብዳል።

ደንሃም አንትሮፖሎጂ ያጠናች ምሁርም ነበረች። ሄይቲና ጃማይካ ሄዳ የጥቁሮችን ውዝዋዜ ከባለቤቶቹ ተምራ፣ በታላላቅ መድረኮች አስከብራዋለች። በ1950 ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አንድ ሆቴል በቀለሟ ምክንያት አላስተናግድም ሲላት ዝም አላለችም፤ ጉዳዩ አገር አነጋገረ። በቀጣዩ ዓመት ብራዚል የዘር መድልዎን የሚቀጣ ሕግ አወጣች። በኋላም ኢስት ሴንት ሉዊስ በተባለች ድሃ ከተማ ተቀምጣ ለሰፈሩ ወጣቶች ውዝዋዜና ከበሮ አስተማረች። በ1992፣ በ82 ዓመቷ፣ አሜሪካ የሄይቲ ስደተኞችን መመለሷን በመቃወም 47 ቀን ከምግብ ታቀበች።

መድረክ የምትመሩ፣ ትርኢት የምታዘጋጁ ወገኖች፣ ዛሬ አዳራሻችሁን ስትከፍቱ ደጅ የቀረው ማን እንደሆነ እባካችሁ ጠይቁ።