ገላው እንዴት ዝም አለ?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ "ስለ ምርምርሽ አሥር ደቂቃ ተናገሪ፤ ብቻ ሰው እንዳይተኛ" ብለውኛል። ያውም ከምሳ በኋላ! እስቲ ልሞክር።

ኢንተርን ሳለሁ አጥንት ክፍል ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ አበጠ፤ ወጌሻ ለወራት አሸው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ራጁ የሚያሳየው ኦስቲኦሳርኮማ ነበር፤ ሳንባውም ላይ ነጠብጣቦች ታይተዋል። እግሩ ተቆረጠ፤ ዓመት ሳይሞላው አረፈ። አባቱ አንድ ማታ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና "ዶክተር፣ እሾህ እንኳ ሲወጋን ገላችን አብጦ፣ መግል ይዞ ያስወጣዋል። ይሄን የሚያህል ነገር ሲበቅል የልጄ ገላ እንዴት ዝም አለ?" አሉኝ። እኔም "ካንሰር እንዲህ ነው" አልኳቸው። ይሄ መልስ አልነበረም።

መልሱን በከፊል የምናውቀው ይመስለኛል። ቲ ሴሎች ዕጢውን ሊያገኙት ይችላሉ፤ ግን ፍሬን አላቸው። አንዱ ፍሬን ፒዲ-1 የተባለው በቲ ሴሉ ገጽ ላይ ያለው ፕሮቲን ነው። የካንሰሩ ሕዋስ በበኩሉ ፒዲ-ኤል1 የሚባለውን አጣማሪውን ያወጣል። ሁለቱ ሲያያዙ፣ የፒዲ-1 ጭራ በቲ ሴሉ ውስጥ ኤስኤችፒ-2 የሚባለውን ኢንዛይም ይጠራል፤ እሱም "አጥቃ" የሚለውን መልእክት ያደበዝዘዋል። የሚያናድደው ደግሞ ቲ ሴሉ ለውጊያ የሚረጨው ኢንተርፌሮን ጋማ ራሱ ካንሰሩ ተጨማሪ ፒዲ-ኤል1 እንዲያወጣ ማድረጉ ነው። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ ስለ እነዚህ ፍሬኖች በሠሩት ሥራ በ2018 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ፍሬኑን የሚያስለቅቁት መድኃኒቶች የሜላኖማን ሕክምና እንደቀየሩት ታውቃላችሁ።

አጥንት ላይ ግን እንዲያ አልሆነም። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ሳርክ028 ጥናት ፔምብሮሊዙማብ ከተሰጣቸው 22 የኦስቲኦሳርኮማ ሕሙማን መካከል ዕጢው በሚፈለገው መጠን የቀነሰለት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው፦ በአጥንት ካንሰር ሕዋስ ገጽ ላይ ማን ከማን ጋር ይያያዛል? ከምንጠቀምባቸው ሕዋሳት አንዱ ዩ-2 ኦኤስ ይባላል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ከአንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ ቅልጥም የተወሰደ ነው። ልጅቷ የእናቴ እኩያ ናት። ሕዋሶቿ ዛሬም በፕላስቲክ ሳህን ላይ ይራባሉ፤ ምግባቸውን በቀየርኩ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ውርደት ነበሩ። ፒዲ-ኤል1ን ፀረ እንግዳ አካል በተለጠፈባቸው ጥቃቅን ዶቃዎች አጥምደን፣ ተያይዞ የሚመጣውን ፕሮቲን በዌስተርን ብሎት እናያለን። በስሌት ክብደቱ 33 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሆነ፣ እዚያው ላይ ደማቅ መስመር ሳይ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁ። ጂኑ የጠፋባቸውን ሕዋሳት ስሞክር ያው መስመር ቁጭ! ለካ እውነተኛው ፒዲ-ኤል1 ስኳር ስለተሸከመ ወደ 50 ተጠግቶ ነው የሚታየው። ቀጥሎ ደግሞ አጣማሪው አልመጣ አለኝ። ይሄኛው ጥፋት የእጄ ነው፤ የፒዲ-1 እና የፒዲ-ኤል1 ትስስር ልል ነው፣ ቶሎ ይላቀቃል። እኔ ደግሞ በጠንካራ ሳሙና አምስት ጊዜ አጥቤ ከቧንቧው ጋር እደፋው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት፣ ፕሮቲኑ "አለ" ማለትና "ሥራ ላይ ነው" ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ለምሳሌ አንቲጅን አቅራቢ ሕዋሳት ላይ ፒዲ-ኤል1 እዚያው ጎኑ ካለው ሲዲ80 ጋር ከተያያዘ ፒዲ-1ን እንደ ልቡ አያገኘውም። ስላይዱ ቡናማ ሆነ ብለን ብቻ መድኃኒት ብንመርጥ እንሳሳታለን። ፍሬኑም አንድ አይደለም፤ ሲዲ47 የሚባለው ፕሮቲን ማክሮፌጆችን "አትብሉኝ" ይላቸዋል፤ ኦስቲኦሳርኮማ ውስጥ ደግሞ ማክሮፌጅ ሞልቷል።

ሳህን ላይ ያሉት ሕዋሶቼ ግን ማክሮፌጅም ቲ ሴልም በአጠገባቸው የለም። ስለዚህ የሕሙማን ናሙና ያስፈልገናል፤ የእኛ ልጆች ናሙና ጭምር። ወደ ውጭ ላኩልኝ እያልኩ አይደለም፣ እዚሁ ይጠና። ችግሩ አጥንቱን ለማለስለስ የምንነክርበት ጠንካራ አሲድ ነው፤ አር ኤን ኤውን ያበላሸዋል፣ የፕሮቲን ቀለሙንም ያዛባዋል። ስለዚህ የፓቶሎጂ ባልደረቦቼን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ ባዮፕሲው ሲመጣ፣ ምርመራውን በማይጎዳ መጠን፣ ለስላሳውን ቁራጭ አሲድ ሳይነካው ለይታችሁ ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጡት። ጠንካራውን በኢዲቲኤ ማለስለስ ይቻላል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ አውቃለሁ። ለዋናው ምርመራ የሚቸኩል ካለ ያንን ክፍል እንደ ወትሮው ይሥራው። የአጥንት ሐኪሞች ደግሞ ከቤተሰቡ ፈቃድ ስትወስዱ ይህንንም ጨምራችሁ አስረዱ።

አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፌ ይዤዋለሁ። ከሻይ በኋላ ፓቶሎጂ ክፍል እገኛለሁ፤ ኑና አብረን እንየው።