ሌሊቱን ከብርድ እንዴት እንደር?

(በጅቡቲ ከተማ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከተሰጠ የጤና ትምህርት ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ርዕሳችን ብርድ ነው ስላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። አልፈርድባችሁም። በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ሰው ሰሌኑን ይዞ ደጅ በሚያድርበት ከተማ ስለ ብርድ ማውራት ያስቃል። ይሁንና ከመካከላችሁ ከከተማው ወጥታችሁ ወደ አሊ አዴ ወይም ወደ ሆል ሆል መጠለያ የምትሄዱ አላችሁ። አንድ ቀን አገራችን እንገባለን ብላችሁ የምታስቡም አላችሁ። ከብዙ ዓመት ሙቀት በኋላ የደጋ ሌሊት የሚጠብቃችሁ እናንተን ነው።

አሊ አዴም ሆነ ሆል ሆል የሚገኙት በአሊ ሳቢህ አካባቢ ነው። አገሩ ከባሕሩ ዳር ከፍ ያለ፣ ድንጋያማና ደረቅ ነው። መሬት ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ቀን በፀሐይ የጋለው ድንጋይ ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የሚይዘው ደመናም ሆነ እርጥበት ብዙ የለም። ስለሆነም በታኅሣሥና በጥር ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ሌሊት ይንቀጠቀጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው አልላችሁም፤ እንደዚያ ያለ ውርጭ እዚህ የለም። ነገር ግን ሰውነቱ ሙቀት የለመደ፣ በቂ ያልበላ፣ ልብሱ የረጠበና በባዶ መሬት የተኛ ሰው ቀለል ባለ ብርድም ይጎዳል።

በዕድሜ የገፋችሁ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ኮረም ሜዳ ላይ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ረሃቡን ነበር። እዚያ የነበረ ሰው ግን የሌሊቱን ብርድም አብሮ ያነሣል። ሕዝቡ ከቀዬው ተነቅሎ ከፍታው ላይ ሜዳ ላይ ሰፈረ፤ የሚለብሰው ቡቱቶ ነበር፤ ብርድ ልብስ አልተዳረሰም። ማታ በሕይወት ከነበሩት ብዙዎቹ ጠዋት ሞተው ይገኙ ነበር። የተራበ ሰውነት የሚያነደው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ለጠገበ ሰው ቀላል የሆነው ብርድ ለእርሱ ገዳይ ነው። እኔ ስለ ብርድ ሳስተምር ከእህል የምጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋቢ በራሱ አይሞቅም። ብርድ ልብስም አይሞቅም። የሚሞቀው ሰውየው ነው፤ ልብሱ የሚያደርገው ያንን ሙቀት ይዞ ማቆየት ነው። የሚይዘውም በክሩ መካከል ባለው አየር ነው። እናቶቻችን ይህን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁ ነበር። ነጠላ አንድ ድርብ፣ ኩታ ሁለት፣ ጋቢ አራት ነው፤ በየድርቡ መካከል አየር አለ። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት የሌለው ሰው ሦስት ስስ ልብሶችን ደራርቦ ቢለብስ እኩል ሊሞቅ ይችላል። ነገር ግን አጥብቃችሁ አትልበሱ፤ ልብሱ ሲጣበቅ አየሩ ይወጣል፣ ደምም በደንብ አይዘዋወርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ልብስ ከላይ በመከመር ነው። ከሥር ያለው መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ይጠጣል። በጎናችሁ የተጫናችሁት ልብስ ስለሚደፈጠጥ ከሥር አይረዳችሁም። የደጋው ገበሬ በአጎዛና በቁርበት የሚተኛው፣ መደብም የሚሠራው ለምቾት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንዞች በሱፍ ባና ሥር የሚያድሩት ከሥራቸው አጎዛ አንጥፈው ነው። እዚህ አጎዛ ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። ካርቶን አለ። የዕቃ ካርቶን ሁለት ሦስት ድርብ አድርጋችሁ ከሰሌኑ ሥር አንጥፉ። የሩዝና የዱቄት ጆንያ ውስጥ ደረቅ ሣር ወይም አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ብትሰፉት ፍራሽ ይሆናል። ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከሥር ቢያደርግ ሁለቱን ከሚደርብ ይልቅ ይሞቀዋል። ሞክሩትና ንገሩኝ።

እርጥበት ሌላው ጠላት ነው። ቀን ያላባችሁበትን ልብስ ለብሳችሁ አትተኙ፤ ሌላ ቅያሪ ባይኖር እንኳ ሸሚዙን አድርቃችሁ መልሱት። ብርድ ልብሱን ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጡት። የፕላስቲክ ሸራ የወጠራችሁ ደግሞ ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል በድንጋይና በአፈር ዝጉት፤ ከላይ ግን ቀዳዳ ተዉለት። ሁሉንም ከደፈናችሁት የትንፋሻችሁ እንፋሎት ሸራው ላይ ውሃ ሆኖ ጠዋት ይንጠባጠብባችኋል። ራስን መሸፈን ይጠቅማል፤ እግርንም ደረቅ ካልሲ ማልበስ እንዲሁ።

ስለ መጠጥና ስለ ጫት ካላነሣሁ ንግግሬ ሙሉ አይሆንም። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ቆዳን ስለሚያሞቅ ነው። ደም ወደ ቆዳ ሲወጣ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የውስጡን ሙቀት ለብርዱ እየሰጠ ነው። ሰክሮ ደጅ የተኛ ሰው ሳይነቃ የሚቀረው በዚህ ነው። ጫቱም ቢሆን ምግብ ይዘጋል፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ብርድን አይችልም። ጫት ላይ ልሰብክ አልመጣሁም፤ የቃመ ሰው ከመተኛቱ በፊት እራቱን ይብላ ነው የምለው። ትኩስ ሾርባ፣ አጥሚት ወይም ስኳር ያለው ሻይ ከአረቄ በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ እናቶች ልመለስ። አራስ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የአራስ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት ይላል። እግሩና ሆዱ ሲነካ የሚቀዘቅዝ፣ መጥባት የሚሰንፍ ልጅ ብርድ እየጎዳው ነው። ልጁ እንደተወለደ አትጠቡት፤ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። አድርቃችሁ ራቁቱን በእናቱ ጡቶች መካከል፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጉት፤ ኮፍያ አልብሱትና በጋቢ ከላይ ሸፍኗቸው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ መሣሪያ አልዳረስ ሲላቸው የጀመሩት ዘዴ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ፊቱን ግን አትሸፍኑ፤ የሞቀ ውሃ ያለበት ጠርሙስም አጠገቡ አታስተኙ፣ ያቃጥለዋል። ለትልቅ ሰው ከሆነ ጠርሙሱን በደንብ ከድናችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት።

እስካሁን ያልኩትን ብትረሱ እንኳ አሁን የምለውን አትርሱ። የከሰል ምድጃ ይዛችሁ ዝግ ቤት ወይም ድንኳን ውስጥ አትተኙ።

«ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣል፤ ከኦክስጅኑ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምር ጋዙ እየወጣ ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ጉልበት ይከዳል። ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ይህን አይቶ ሊወጣ ይችላል። የተኛ ሰው ግን ከእንቅልፍ ወደ ሞት ይሄዳል። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም በክረምት ቤተሰብ እንዳለ በከሰል ታፍኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ለነፍሰ ጡር የበለጠ ይከፋል፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ከእርሷ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ምች ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ምድጃውን ተመልከቱ። የታፈነ ሰው ካገኛችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በሩን ክፈቱ፣ ፈጥናችሁ ወደ ውጭ ጎትቱት። ራሱን የሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አታፍስሱበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ቢነቃና «ደህና ነኝ» ቢልም ይታይ፤ ጉዳቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላልና።

ቡና አታፍሉ ማለቴ አይደለም፤ ያንን ብል ማንም አይሰማኝም። አፍሉ፣ ጠጡ፣ ቤቱም ይሙቅ፤ በሩና መስኮቱ ግን ክፍት ይሁን። ሰው ወደ መኝታው ሲነሣ ምድጃው ቀድሞ ይውጣ። ከሸራው ራቅ ባለ ቦታ አድርጉትና አመድ ወይም አሸዋ አልብሱት፤ ንፋስ ፍሙን ወደ ጎረቤት ድንኳን እንዳይወስደው።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ። መጀመሪያ ከኋላ ያሉት እናቶች ይጠይቁ።