የጌም ኮምፒዩተር በከሚሴ፦ የዕቃ ምርጫው ከየት ይጀምር?



የጌም ኮምፒዩተር ራሱ መገጣጠም የሚሻ ወጣት በቅድሚያ የሚጠይቀው «የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል?» ብሎ ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በሞቃቷ ከሚሴ ግን ሙቀትና ኤሌክትሪክ ከፍጥነት መቅደም አለባቸው እላለሁ።

ማራገቢያ የክፍሉን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዘውም። በ20 ዲግሪ ክፍል 75 ዲግሪ የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ክፍሉ 34 ዲግሪ ሲሆን ወደ 89 ይጠጋል። የራይዘን 5 7600 ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ እንዳያልፍ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ብዙ ብር የወጣበት ፍጥነት በዚህ መንገድ ይባክናል።

ኮምፒዩተሩ የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ 450 ዋት ከሚወስደው አርቲኤክስ 4090 ይልቅ በ115 ዋት የሚሠራው አርቲኤክስ 4060 ለቦታው ይስማማል። ለዚህ ካርድ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃል፤ ጥራቱ ግን የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፤ ርካሹ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊጠፋ ይችላል። በካርዱ የተቆጠበው ገንዘብ ለዩፒኤስ ይዋል።

ብዙው ተማሪ ይህን ዕቃ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። በቀን የሚማርበት፣ ማታ የሚጫወትበት ያው አንድ ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ከፈጣኑ ይልቅ የሚሰነብተውን ይምረጥ።