የድመትን ቁንጫ ድመቷን ሳይጎዱ ስለ ማጥፋት
ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ በሬ ወይም ስለ ላም አይደለም፤ ስለ ድመት ነው። ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጎተራችንን ከአይጥ የምትጠብቅልን እርስዋ ናት፤ ቁንጫዋን እናጥፋ ብለን ድመቷን የገደልን እንደሆነ የሚጎዳው እህላችን ነው።

አስቀድሞ የቁንጫን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። በድመቷ ጠጕር ውስጥ ስትዘል የምናያት ያደገችው ናት። እርስዋ ደም እየመጠጠች በቀን እስከ 50 ዕንቍላል ልትጥል ትችላለች። ዕንቍላሉ ከጠጕሩ ጋር አይጣበቅም፤ ድመቷ በተኛችበት ሁሉ ይራገፋል። ከዚያ የሚፈለፈለው ትል ብርሃን ስለማይወድ በወለሉ ስንጥቅና በአጎዛው ሥር ተሸሽጎ፥ ያደጉት ቁንጫዎች የሚጥሉትን የደረቀ ደም ያለበት ኩስ እየበላ ያድጋል። በኋላም በላዩ ክር ፈትሎ ይተኛል። በዚህ ሽፋን ውስጥ ሳለ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፤ ሙቀትና ንቅናቄ እስኪሰማው ድረስ ወራት ሊቆይ ይችላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት የገባ ሰው እግሩን ቁንጫ የሚወርረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ድመቷን ብቻ ብናጸዳ ከወለሉ የሚነሣው መልሶ ይሰፍርባታል።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከቤቱ ላይ ነው። ለድመቷ መኝታ ጨርቅ ወይም ጆንያ አንጥፉላት፤ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። አጎዛውንና ሰሌኑንም እያወጣችሁ አራግፉ። ወለሉን በየቀኑ ጥረጉ፤ ጥራጊውን አቃጥሉት እንጂ ደጃፍ ላይ አትድፉት። ስንጥቁን በጭቃና በእበት ለቅልቁት። እመቤቶች ይህን ለበዓል ያደርጉታል፤ ቁንጫ ባለበት ቤት ግን በዓል መጠበቅ አይገባም።

ድመቷን በቅማል ማበጠሪያ አበጥሯት፤ ማበጠሪያውንም በየጊዜው ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ንከሩት። የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ቀይ ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው። ሕፃናት ከድመት ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ቁንጫ የዋጠ ልጅ የሆድ ትል ሊይዘው ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚያሠጋውን ልንገራችሁ። ለጎተራ የተገዛውን ማላታይን፥ ለበግና ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖንና አሚትራዝ፥ ለውሻ የተሠራውን ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት፥ ነጭ ጋዝንም ቢሆን ድመት ላይ አታድርጉ። ድመት ገላዋን ስለምትልስ የተቀባችውን ሁሉ ትውጣለች፤ ጉበቷም ፐርሜትሪንን እንደ ውሻ ጉበት ማርከስ አይችልም። ስሕተቱ ተፈጽሞ ለሃጯ ቢዝረበረብ ወይም ቢያንቀጠቅጣት፥ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፥ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም አድርሷት። ወተት ወይም ዘይት በግድ አትጋቷት።

መድኃኒት ካስፈለገ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ ፊፕሮኒል ወይም ሰላሜክቲን በክብደቷ ልክ፥ ምላስዋ በማይደርስበት በማጅራቷ ላይ ይደረጋል። ሁለት ወር ላልሞላቸው ግልገሎች ግን ማበጠሪያው ይበቃል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ስለ ቁንጫ የሚጠይቃችሁን ገበሬ አስቀድማችሁ በቤቱ ምን መድኃኒት እንዳለ ጠይቁት። ሥራው ከተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት እንኳ ቁንጫ ቢታይ፥ ከሽፋኑ ገና የወጣ ነውና ጠራጊው መጥረጊያውን እንዳያስቀምጥ ንገሩት።