የውሃ ዘፈኖቻችንን ከነድምፃቸው እንያዛቸው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳ ከመዋጮና ከፍሳሽ ቦይ ጽዳት ቀጥሎ በሦስተኛ ተራ የተያዘው የዘፈን ጉዳይ ነው። ሲነበብ ፈገግ ያላችሁም አላችሁ። ዘፈን የሠርግ ነው፣ ስብሰባ ላይ ምን አመጣው ቢባል አይፈረድም። ይህ ግን የሥራ ዘፈን ነው። በጣና ላይ፣ በአባይ ዳር፣ በምንጭና በመስኖ ቦይ ሰው እየሠራ ያዜመው ማለት ነው። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች በሐይቅና በወንዝ መካከል ነው የምንኖረው። ዘፈኑን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዘፈኑን ከነድምፁ፣ ከነሥራውና ከነባለቤቱ ስም አሁኑኑ እንያዘው።

ዘፈኑ ለምን ይጠፋል? የሥራ ዘፈን ከሥራው ጋር የተወለደ ስለሆነ ሥራው ሲቀር መግቢያ ያጣል። ውሃ በእንስራ ይቀዳ በነበረ ጊዜ ሴቶች ተጠራርተው ነበር የሚወርዱት። መንገዱ ሩቅ፣ ሸክሙም ከባድ ስለነበረ ጨዋታውና እንጉርጉሮው ድካም ያስረሳ ነበር። የቧንቧ ውሃ ግቢ ሲገባ እሰየው ተባለ፤ ጀርባቸው ያረፈ እናቶች ይመስክሩ። ዘፈኑ ግን ከእንስራው ጋር ጥግ ያዘ። የታንኳውም ነገር እንዲሁ ነው። ከደንገል በታሰረ ታንኳ እንጨት ጭኖ ሐይቁን የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ሰዓት በውሃ ላይ ይቆያል። ቀዘፋ ምት ይፈልጋል፤ ዘፈኑ ደግሞ ምቱን ያስጠብቃል። ሞተር ጀልባ ምት አይፈልግም፤ በሞተር ጩኸት ውስጥስ ማን ያንጎራጉራል?

አንድ ከባድ ምሳሌ ላንሣ። በጣና ዳር የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በታንኳ ሥራና በጉማሬ አደን የታወቁ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በዚህ አገር ሲያልፍ የራሳቸው የሆነ ሌላ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ዛሬ ያንን ቋንቋ የሚናገር ሰው የለም፤ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነው። በዚያ ቋንቋ ሲቀዝፉ ምን ይሉ ነበር? ልጅ ሲያስተኙስ? መልስ የለም። በዚያን ዘመን ድምፅ መቅጃ አልነበረምና የሚወቀስ ሰው የለም። ዛሬ ግን በያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። እኛ ምን እንላለን?

በጽሑፍ ብቻ ቢያዝስ የሚሉ አሉ። ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ምክንያቱን በራሱ በአባይ ስም ላስረዳ። «ባ» ሲጠብቅ ወንዙ ነው፤ ሲላላ ዋሾ ማለት ነው። በፊደል ስንጽፈው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ገጣሚው ሕዝብ ደግሞ በዚህ ቃል ሰምና ወርቅ ሲሠራበት ኖሯል። ዘፋኟ ወንዙን የጠራች መስላ ቃሉን ያላከበረ ወዳጇን ትነካለች። ይህንን የሚለየው ጆሮ ነው። ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ የልጅ ልጅ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥለዋል።

እንዲሁም አገሩ ራሱ ይለወጣል። ጢስ አባይ የተባለው ከ40 ሜትር በላይ ከሚወርደው ፏፏቴ እንደ ጢስ ስለሚነሣው ጉም ነው። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ተጨመረ። መብራቱ ጠቅሞናል። ነገር ግን ውሃው ወደ ማመንጫ ሲዞር ፏፏቴው ቀጥኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ብቻ ያየው ልጅ ስለ ጢሱ የሚያወሳ ዘፈን ቢሰማ ግነት ይመስለዋል። ስለሆነም ዘፈኑ ሲቀዳ ያኔ ውሃው ምን ይመስል እንደነበር አብሮ መነገር አለበት።

ከገጠር የመጣችሁ አባላት ደግሞ ሌላ ሀብት አላችሁ። በየአገራችሁ የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ የውሃ አባት ይመረጣል። ቦዩ ደለል ሲሞላው ሰው ወጥቶ በጋራ ይጠርጋል። ዛሬ በመራዊ በኩል የቆጋ መስኖ ወደ 7000 ሔክታር መሬት እንዲያጠጣ ተሠርቶ ትልልቅ ቦዮች ተዘርግተዋል። እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህንን ነው፤ ቦይ ሲጠረግ ማን ያወጣ፣ ማን ይቀበል ነበር? ተራውን የሰረቀ ሰው በግጥም ይሰደብ ነበር ወይ? የውሃ አባቱስ ይወደስ ነበር ወይ? የምታስታውሱት አንድ ስንኝም ቢሆን ይጠቅማል።

በኮሚቴው ሁለት ተቃውሞ ቀርቦ ነበር። አንደኛው ይህ የዩኒቨርሲቲና የባህል ቢሮ ሥራ ነው የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ አገራችን የማይዳሰሱ ቅርሶችን የሚመለከተውን የዩኔስኮ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በዓለም መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን የትኛዋ እናት በየትኛው ግቢ እንዳለች የምናውቀው እኛ ነን። ለማያውቁት እንግዳ የማይዜም ለጎረቤት ልጅ ይዜማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሳቸው ከእናቶች የመጣ ነው። «ንስሐ ገብቼ፣ በስተርጅና ዘፈን ከአፌ አይወጣም» ያሉ አሉ። ይህንን ማክበር ግዴታችን ነው። አንዲት እናት ግን መፍትሔውን ራሳቸው ነገሩን። ዜማውን ትተው ቃሉን እንደ ተረት ሊነግሩን ፈቀዱ። ዜማውን ከእሳቸው የተማረች እኅታቸው ካለች እሷ ታዜማለች። ይህንንም የማይሹ ካሉ አይነዘነዙም። ወንዝ ወይም ሐይቅ ሰው የወሰደበት ቤት ሙሾም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ ካላነሣው እኛ አናነሣውም።

ሥራው በሚከተለው ደንብ እንዲካሄድ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል።

አንደኛ፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይቀዳል። አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም በድምፅ ይቀዳል።

ሁለተኛ፣ የባለ ዘፈኑ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ አገር፣ ከማን እንደተማሩት፣ በየትኛው ሥራ ላይ ይዘፈን እንደነበር፣ የተቀዳበትም ቀን ይጻፋል። ይህ ከሌለ ዘፈኑ አባት የሌለው ልጅ ነው።

ሦስተኛ፣ አናርምም። የአገር ቤት አነጋገር እንደ ተነገረ ይጻፋል። ሁለት ሰው አንዱን ዘፈን በሁለት ዓይነት ቢለው ሁለቱም ይያዛል፤ ትክክሉ የእኔ ነው የሚል ክርክር አይገባንም። በሚጠብቀው ፊደል ላይ ምልክት ይደረጋል።

አራተኛ፣ የሚቻል ከሆነ ሥራውን እያሠራን እንቅዳ። እንስራ አዝለው፣ መቅዘፊያ ይዘው፣ ልብስ እያጠቡ። እጅ ሲንቀሳቀስ የተረሳው ስንኝ ይመጣል።

አምስተኛ፣ ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ በማኅበሩ፣ አንዱ በባለቤቱ ቤት፣ አንዱ በሌላ አባል ዘንድ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃልም፤ በአንድ ስልክ ላይ ያለ ነገር ተቀመጠ አይባልም።

ስድስተኛ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ለሕዝብ አይለቅም፣ አይሸጥም። የእናታችን ድምፅ ለሌላ ሰው ገበያ እንዳይሆን ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።

በመጨረሻም በየሣጥናችሁ ያሉትን የድሮ ካሴቶች እንዳትጥሉ አደራ። ወደ ሱዳንና ወደ አሜሪካ ለሄዱ ልጆች ደብዳቤ በካሴት ይላክ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ካሴት መጨረሻ ላይ እናት ያንጎራጎረችው ሊኖር ይችላል። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፤ በቆሸሸ ቴፕ አታጫውቱት፣ ክሩን ይበላዋል። ለኮሚቴው አምጡት፤ ገልብጠን እንመልሳለን።

ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ ይጀመራል። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች ደብተርና ስልክ ይዛችሁ ኑ። ታላላቆቻችን ደግሞ የሚፈለግባችሁ ሌላ አይደለም፤ የምታውቁትን ነው። ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን እንድታነሡ በሊቀ መንበሩ ፈቃድ እጠይቃለሁ።