ሦስት ጠመንጃዎችና አንድ ሰዓት፦ የተኩስ ውድድር ለታሪክ ምን ይመሰክራል?



የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ የሚገኘው እዚሁ አፍንጮ በር ነው። ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ በ1943 ዓ.ም. የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ቡሳን ከደረሰ በኋላ በአሜሪካ መሣሪያ ሠልጥኖ፣ በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። በእጁ ከያዛቸው መካከል ኤም ዋን ጋራንድና ኤም ዋን ካርባይን ይገኙበታል። እኔ በደርግ ዘመን የተስፋፋውን ሲሞኖቭን ሦስተኛ አድርጌ እጨምራለሁ። ሦስቱም ከፊል አውቶማቲክ ናቸው፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኮሳል፣ ቀጣዩን የሚያጎርሰው የባሩዱ ጋዝ ነው።

«የትኛው ይበልጣል?» ለሚለው የተለመደ ክርክር የተግባራዊ ተኩስ ውድድር መለኪያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን ሕግ መሠረት ተኳሹ ያገኘው ነጥብ ለወሰደበት ሴኮንድ ይካፈላል። የኢላማው መሃል 5 ነጥብ አለው። ከመሃል ዝቅ ያለው ክልል ለኃይለኛ ጥይት 4፣ ለደካማው 3 ይሰጣል። ኃይሉ የሚታወቀው የእርሳሱ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ ሲሆን፣ ለጠመንጃ የተቀመጠው ወሰን 320 ነው። ጋራንድ ይህን በሰፊው ያልፋል፤ ሲሞኖቭና ካርባይን በመደበኛ ወታደራዊ ጥይታቸው አይደርሱበትም።

እስቲ እናስላው። አሥራ ሁለት ኢላማ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ጥይት፣ በድምሩ 24 እንበል። ጋራንድ ስምንት ጥይት በብረት ማቀፊያ በአንድ ጊዜ ይጎርሳልና ሁለት ጊዜ ዳግም ይሞላል። ሲሞኖቭም አሥር ስለሚይዝ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ጥይቶቹ ግን ከላይ በአውራ ጣት ስለሚገፉ የበለጠ ይዘገያል። የካርባይኑ ካዝና 15 ይይዛል፤ አንድ ቅያሬ ይበቃዋል። 16ቱ መሃል፣ 8ቱ ከመሃል ወጣ ብለው ቢያርፉ ጋራንድ 112፣ ሁለቱ ደግሞ 104 ነጥብ ያገኛሉ። ጋራንድ በ28 ሴኮንድ ቢጨርስ ውጤቱ 4 ነው፤ ካርባይኑ እኩል ለመሆን 26 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። ሁለት ሴኮንድ! ያቺን የሚሰጠው የቀረችው አንዷ ቅያሬ ናት። ስለዚህ ኢላማው ሲቀርብና ሲበዛ ካርባይንን፣ ርቀቱ ሲጨምር ጋራንድን እመርጣለሁ። ሲሞኖቭ በዚህ ሕግ ከሁለቱም ወገን ይጎዳል፤ በእኔ ግምት ግን ይህ የሕጉ ፍርድ እንጂ የጠመንጃው ጉድለት አይደለም።

ይሁንና ሰዓት መያዣው ብርድን አይለካም። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ 1950–51 (እ.ኤ.አ.) የኮሪያ ክረምት ባዘጋጀው ጥናት፣ ወታደሮች ካርባይን በብርድ እንደሚያስቸግራቸው መመስከራቸውን መዝግቧል። የቃኘውን የሌሊት ቅኝቶች «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተሰኘው መጽሐፉ የጻፈውም እርሱ ነው። (ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተኳሾች ያወጣው አኃዝ ብዙ አከራክሯልና፣ ተማሪዎች በጥንቃቄ አንብቡት።) የውድድር ሜዳ ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ጋራንድ ተሸክሞ ሌሊት ኮረብታ መውጣትንም አያውቅም።

ይህን የሚያውቁት ዘማቾቹ ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት እጅግ ጥቂት፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ነው። ለቃለ መጠይቅ የምትሄዱ ተማሪዎች «ምርጡ የትኛው ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። ጓንት አጥልቀው ማቀፊያውን እንዴት ይከቱ እንደነበር፣ መዝጊያው አውራ ጣታቸውን ይዞባቸው ያውቅ እንደሆነ፣ ለቅኝት ሲወጡ ስንት ጥይት እንደያዙና ስንቱን ይዘው እንደተመለሱ ጠይቋቸው። መቅጃውን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ጤንነታቸውን ጠይቁ፣ ስማቸውንም ከነማዕረጉ ጥሩ።